ባልዲው ከአልጋው አጠገብ ይቁም፦ የሕክምና ቆሻሻን ከነርሷ እጅ ጀምሮ በአግባቡ መያዝ

ስለ «አረንጓዴ ሆስፒታል» ሲወራ ብዙ ሰው የሚታየው ግቢ ውስጥ የተተከለ ችግኝ፣ የተከረከመ ሣርና ቀለም የተቀባ አጥር ነው። ደስ ይላል፣ ክፋት የለውም። ግን ሆስፒታል ለአካባቢው ጠንቅ የሚሆነው ዛፍ ስላነሰው አይደለም። በየቀኑ ከየዋርዱ የሚወጣው መርፌ፣ ደም የነካው ጎዝ (የቁስል መሸፈኛ ጨርቅ)፣ ጓንቱና የመድኃኒት ጠርሙሱ የት እንደገባ፣ በኋላም ምን እንደተደረገ ነው ነገሩን የሚወስነው። ያ ደግሞ የሚጀምረው ከእኛ እጅ ነው። የወጋነው እኛ፣ ቁስሉን ያጠብነው እኛ፣ ካኑላውን፣ ማለትም ደም ሥር ውስጥ የሚቀመጠውን ቀጭን ቱቦ፣ የነቀልነው እኛ ነን። እኛ በዚያች ቅጽበት ያልለየነውን ከእኛ በኋላ ማንም አይለየውም። ልለይ ያለ ሰው ደግሞ በመርፌ ይወጋል።

ይህን የምጽፈው ለሥራ ባልደረቦቼ፣ ለነርሶች ነው። በሆስፒታልም፣ በጤና ጣቢያም፣ በግል ክሊኒክም ላላችሁ። አብዛኛው ነገር ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

መጀመሪያ የምንለውን እንስማ

የቆሻሻ ነገር ሲነሳ በነርሶች መካከል የምሰማው በየቦታው ተመሳሳይ ነው። «እሱ የጽዳት ሠራተኞች ሥራ ነው» የሚል አለ። «ባልዲ በሌለበት በምን ልለየው?» የሚል አለ። «ለብቻዬ ዋርድ ሙሉ ሕሙማን ይዤ ስለ ባልዲ ቀለም ላስብ?» የምትልም አለች፣ እውነቷን ነው። ሥልጠና የወሰዱትም ቢሆኑ አንዴ ወስደው የተረሳ ነው። አዲስ የተቀጠሩት ደግሞ ከነባሮቹ እያዩ ነው የሚማሩት፣ ነባሮቹ የሚያደርጉትን ነው የሚያደርጉት።

ከሁሉም ግን ልቤን የሚነካው ይሄኛው ነው፦ «ብለየውስ መጨረሻ ላይ አንድ ላይ አይደል የሚቃጠለው?»

ይህ ስንፍና አይደለም፣ ተስፋ መቁረጥ ነው። በሦስት ባልዲ ለይታ ያስቀመጠችውን አንድ ጋሪ ላይ ተደባልቆ ሲሄድ በዓይኗ ያየች ነርስ በማግስቱ ብትተወው ማን ይፈርድባታል? ስለዚህ መመሪያ ግድግዳ ላይ ከመለጠፍ በፊት መጀመሪያ የሚስተካከለው ይህ ነው። የዋርዱ ኃላፊ አንድ ቀን ቆሻሻውን ከዋርድ እስከ ማቃጠያው ተከትላ ትሂድ። የት ቦታ ላይ እንደሚደባለቅ በዓይኗ ትይ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ አንድ ቦታ ላይ ነው ያለው፦ ጋሪው አንድ ብቻ ነው፣ ወይም ማከማቻው ክፍል መለያ የለውም፣ ወይም ቢጫ ፌስታል አልቆ በጥቁር ተተክቷል። እሱ ሳይስተካከል ነርሶችን መውቀስ ዋጋ የለውም።

መለየት ለምን ይጠቅማል ለሚለው የዓለም ጤና ድርጅት ቁጥር ይበቃል። ከጤና ተቋማት ከሚወጣው ቆሻሻ 85 በመቶ ገደማ የሚሆነው እንደማንኛውም የቤት ቆሻሻ ነው፤ ወረቀት፣ ካርቶን፣ የዕቃ ማሸጊያ፣ የምግብ ትራፊ። አደገኛው 15 በመቶ ገደማ ነው። ግን ያንን 15 ከ85ቱ ጋር ስንደባልቀው መቶው በሙሉ አደገኛ ይሆናል። ማጓጓዙ፣ ማቃጠሉ፣ ጭሱ፣ ወጪው በሙሉ በዚያው ልክ ይጨምራል። ብርቱካን ልጣጭ በናፍጣ ማቃጠል እንጀምራለን ማለት ነው።

ምን ወዴት ይግባ

ጥቁሩ ባልዲ ለደረቅና ተላላፊ ላልሆነው፣ ቢጫው ለተላላፊው፣ ሴፍቲ ቦክሱ ለስለታም ነገር። ይህን ሁላችንም እናውቀዋለን። የሚያደናግሩን መሐል ላይ ያሉት ናቸው፤ እነሱ ላይ ትንሽ ልቆይ።

የሲሪንጅና የጓንት ማሸጊያ፣ የፕላስተር ወረቀት፣ የመድኃኒት ካርቶን ጥቁር ውስጥ ነው የሚገባው። ትሮሊያችን ላይ በብዛት የሚወጣው ይሄ ነው፤ ቢጫውን ቶሎ የሚሞላውም ይሄው ነው። ማሸጊያውን ስትቀዱ እጃችሁ ላይ ጥቁር ካልቀረበ ቢጫ ውስጥ ይገባል፣ ሌላ ምክንያት የለውም።

ጓንት ከሆነ፣ ደም ወይም የሰውነት ፈሳሽ ከነካው ቢጫ ነው። ጎዝና ጥጥም እንደዚያው። የግሉኮሱ ከረጢት ደም ካልነካው ጥቁር ውስጥ መግባት ይችላል። የግሉኮሱ ቱቦ ግን ደም ከተመለሰበት ቢጫ ውስጥ ይገባል። የካኑላው መርፌ ያለ ጥርጥር ሴፍቲ ቦክስ ነው። የተሰበረች የመድኃኒት አምፑል (ትንሿ የመስታወት ብልቃጥ) ትንሽ ብትሆንም ስለታም ናት፣ ሴፍቲ ቦክስ ትግባ። ደም የተሰጠበት ከረጢት ደግሞ ባዶ ቢመስልም ባዶ አይደለም፣ ቢጫ ነው። የተቋማችሁ መመሪያ አንዱን ዕቃ በሌላ መንገድ ያዙት ካለ እሱን ተከተሉ። ዋናው ነገር በአንድ ዋርድ ውስጥ ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ማድረጉ ነው።

ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት የትኛውም ባልዲ ውስጥ አይገባም፣ ቧንቧ ውስጥም አይደፋም። ወደ ፋርማሲ በዝርዝር ይመለስ። አንቲባዮቲክ በሲንክ ስናፈስ ውሃው ውስጥ ያሉትን ባክቴሪያዎች መድኃኒቱን እያለማመድናቸው ነው። በኋላ ይኸው መድኃኒት አልሠራም ብለን የምንቸገረውም እኛው ነን።

በሜርኩሪ የሚሠራ ቴርሞሜትር ከተሰበረባችሁ በመጥረጊያ አትጥረጉት፣ ይበተናል። መስኮት ክፈቱ፣ ታካሚውን ከአካባቢው አርቁ፣ ጓንት አድርጋችሁ ፍንጥርጣሪዎቹን በሁለት ጠንካራ ወረቀት ገፍታችሁ ሰብስቡና ክዳን ባለው ዕቃ አሽጉት። ቢጫ ውስጥ ከገባ ይቃጠላል፣ ከተቃጠለ ደግሞ የሜርኩሪው ትነት ወደምንተነፍሰው አየር ይገባል። በዲጂታል እንዲቀየር መጠየቅ ይሻላል።

የማዋለጃ ክፍል ሰዎች፣ የእንግዴ ልጅ ለብቻው ጉድጓድ አለው። እርጥብ ስለሆነ ማቃጠያው ውስጥ በደንብ አይነድም፣ ሙቀቱንም ይጥለዋል። ጉድጓዱ ውስጥ ክሎሪን አትጨምሩበት። እንዲበሰብስ የሚያደርጉትን ረቂቅ ተሕዋስያን ይገድላቸዋልና ጉድጓዱ ከጊዜው በፊት ይሞላል። ቤተሰብ ወስደን እንቅበር ብሎ ሲጠይቅ ደግሞ አትቆጡ። ብዙ ቦታ ባህል ነው። ተቋሙ የሚፈቅድ ከሆነ በማያፈስ ዕቃ አሽጋችሁ፣ በእጅ እንዳይነካ አስረድታችሁ ስጡ።

ሴፍቲ ቦክሱ

አንድ መርፌ እንዴት እንደሚሰጥ ቀስ ብለን እንየው። ታካሚው ክንዱን ዘርግቷል። መርፌው ገብቶ ወጣ። ግራ እጃችሁ ጥጡን ይዟል፣ ቀኙ ሲሪንጁን። በዚያች ሰከንድ ሴፍቲ ቦክሱ ሳትራመዱ በቀኝ እጃችሁ የምትደርሱበት ቦታ ካለ ነገሩ አለቀ። በሩ አጠገብ ከሆነ ግን ሲሪንጁ ኪድኒ ዲሽ (የሕክምና ዕቃ ማስቀመጫ ሳህን) ላይ ይቀመጣል፣ ከኪድኒ ዲሹ ወደ ትሮሊ፣ ትሮሊው ላይ ጎዝ ይሸፍነዋል፣ ጎዙ ሲነሳ አብሮ ይነሳል። ከዚያ በኋላ መርፌው የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። ቦክሱ ከናንተ ጋር ይሂድ። ትሮሊው ላይ ቋሚ ቦታ ይኑረው። መሬት ላይ አይቀመጥ፣ ሕፃን ይደርስበታል፣ ውሃ ያርሰዋል።

መርፌውን መልሳችሁ አትክደኑ። አትጠምዝዙ፣ በእጅ አትንቀሉ። ሲሪንጁ ከነመርፌው እንዳለ ይግባ። የግድ መክደን የሚያስፈልግበት ሁኔታ ከገጠማችሁ ክዳኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና በአንድ እጅ ብቻ በመርፌው እየገፋችሁ አስገቡት፣ ሌላኛው እጅ ከኋላ ይሁን።

የተለመደው ባለ 5 ሊትሩ ቦክስ 100 ያህል ሲሪንጅ ይይዛል፤ ሦስት አራተኛው ላይ ሲደርስ ይዘጋል። «ትንሽ ቦታ አለው» ብሎ በእጅ መጫን ወይም ነቅንቆ ማስተካከል የብዙ ሰው አደጋ የመጣበት መንገድ ነው። ተከፍቶ ወደ ሌላ ዕቃ አይገለበጥም፣ ታጥቦም ዳግም አይሠራበትም። በረኪና አይጨመርበትም። ካርቶኑ ይርሳል፣ ሲቃጠልም ክሎሪኑ መርዛማ ጭስ ይጨምራል።

ቦክሱ ካለቀስ? ያልቃል፣ እናውቃለን። ያን ጊዜ ሃይላንድ አትጠቀሙ፣ ፕላስቲኩ ስስ ስለሆነ መርፌ በቀላሉ ይወጋዋል። ወፍራም ጀሪካን ወይም የኬሚካል ባዶ ጋሎን በደንብ ታጥቦ፣ ክዳኑ በትክክል የሚገጥም ከሆነ፣ በትልቁ «ስለታም» ተብሎ ተጽፎበት ለጊዜው ያገለግላል። ከዚያ ዛሬውኑ ለስቶር ጠያቂ ወረቀት ጻፉ። በቃል የተጠየቀ ነገር አይገዛም።

ከተወጋችሁ

አትደብቁ። በውሃና በሳሙና እጠቡት። አትጭመቁት፣ በበረኪና አትንከሩት። ከዚያ ወዲያውኑ ለኃላፊ አሳውቁና ወደሚመለከተው ክፍል ሂዱ፣ ተረኛ ነኝ ብላችሁ እስከ ጠዋት አትቆዩ። የኤችአይቪ መከላከያው በቶሎ፣ በሰዓታት ውስጥ ቢጀመር ነው የሚበጀው። ከ72 ሰዓት በኋላ አይሰጥም። ከተጀመረ 28 ቀን ሳይቋረጥ ይወሰዳል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በቫይረሱ ከተያዘ ሰው በወጣ መርፌ አንዴ የተወጋ ሰው በሄፓታይተስ ቢ የመያዝ ዕድሉ 30 በመቶ፣ በሄፓታይተስ ሲ 1.8 በመቶ፣ በኤችአይቪ 0.3 በመቶ ነው። ሁላችንም የምንፈራው ኤችአይቪን ነው፤ አስፈሪው ግን ሌላ ነው። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀን ሳይሞት ይቆያል። ክትባት ደግሞ አለው፣ ሦስት ዙር ነው። እናንተ ወስዳችኋል? ሦስቱንም? የጽዳት ሠራተኞቹስ?

ከረጢቱን የምትሸከመው ሴት

የጽዳት ሠራተኛዋ ከረጢቱን ከባልዲው ስታወጣ ልብ ብላችሁ እዩ። አፉን በአንድ እጅ ጨብጣ ታነሳዋለች፣ ከባድ ስለሆነ ጭኗ ላይ ይደገፋል፣ እንደዚያው ሆኖ ኮሪደሩን ታቋርጣለች። እዚያ ውስጥ አንዲት መርፌ ካለች የምትወጋው ጭኗን ነው። አንድ ቀን ማታ እንዲህ የተወጋች ሠራተኛ አይቻለሁ። በነጠላዋ ጫፍ ደሙን ጠርጋ ሥራዋን ቀጠለች። ለማንም አልተናገረችም፣ ምክንያቱም ቅጥሯ በኤጀንሲ ነበርና ብናገር ያባርሩኛል ብላ ፈርታለች። መርፌዋ የወጣችው ከጥቁር ባልዲ ነው። ጥቁሩ ውስጥ ያስገባናት እኛ፣ ዋጋውን የከፈለችው እሷ።

ስለዚህ እነሱን «አንቺ፣ ነይ ይሄን ውሰጂ» ማለት ይቅር። ስማቸውን እንወቅ፣ እትዬ እንበላቸው፣ የዋርዱ ስብሰባ ላይ አብረውን ይቀመጡ። የትኛው ባልዲ ውስጥ ምን እንዳገኙ ከእነሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ወፍራም ጓንት፣ ቦት ጫማና ሸራ ሽርጥ እንዳላቸው እንይ። የእኛን ስስ ጓንት መስጠት ለመርፌ ምንም አይረዳም። ከረጢቱ ሦስት አራተኛ ሲሞላ ይታሰር፣ ከሰውነት ርቆ ይያዝ፣ ከተቻለ በጋሪ ይሂድ። ጋሪው በምግብ ሰዓትና በጠያቂ ሰዓት ኮሪደሩን አያቋርጥ።

አንድ ከረጢት ውስጥ ከተደባለቀ ከፍተው እንዲለዩት በፍጹም አታስገድዷቸው። ሙሉው እንደ ተላላፊ ተቆጥሮ ይሂድ፣ ስህተቱ ግን ይመዝገብ።

የግሉኮስ ከረጢትና ፕላስቲክ ለቆራሌው የሚሸጥባቸው ቦታዎች አሉ። ያልተበከለ ካርቶንና ጠርሙስ በተቋሙ ፈቃድ፣ በሕጋዊ መንገድ ቢሸጥ ጥሩ ነው፣ የሚነድ ነገር ይቀንሳል። ከቢጫ ባልዲ የወጣ ግን አንድም ነገር ከአጥር ውጭ መውጣት የለበትም።

አስታማሚውና ጠያቂው

በእኛ አገር አንድ ታካሚ ሲተኛ ቤተሰቡ አብሮ ይተኛል። አጥሚቱ በፔርሙዝ ይመጣል፣ ብርቱካን፣ ሙዝ፣ ዳቦ፣ ሃይላንድ ውሃ ይመጣል። ትራፊው ደግሞ ቅርብ ያገኘው ባልዲ ውስጥ ይገባል፣ ቅርብ ያለው ቢጫው ከሆነ ቢጫው ውስጥ። ማንም ያልነገረው ሰው እንዴት ያውቃል?

ታካሚ ስትቀበሉ ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ ስትነግሩ ይህንንም አብራችሁ ንገሩ፦ «እማማ፣ የምግቡ ትራፊ እዚያ ጥቁሩ ውስጥ ነው፣ ቢጫውን እንዳይነኩት፣ ደም አለው።» ይበቃል። ደም አለው ሲባል ማንም እጁን አይሰድም። ከባልዲው በላይ የሚለጠፈው ደግሞ ጽሑፍ ብቻ ሳይሆን ሥዕል ይሁን፣ ማንበብ የማይችልም፣ አማርኛ የማያነብም አለ። ቢጫው ከታካሚው አልጋ ግርጌ ይልቅ ነርሷ ሥራ የምትሠራበት ትሮሊ ላይ ቢሆን የተሻለ ነው።

ከዋርድ ከወጣ በኋላ

ማቃጠያውን የምናንቀሳቅሰው እኛ አይደለንም። ግን የሚገባበትን የምንወስነው እኛ ነን።

የሕክምና ቆሻሻ በትክክል እንዲቃጠል ከ850 እስከ 1100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ያስፈልጋል። በብዙ ጤና ጣቢያዎች ጓሮ ያለው የጡብ ምድጃ ይህን ሙቀት ይዞ መቆየት ይከብደዋል፣ በተለይ እርጥብ ነገር ሲገባበት። ጉድጓድ ውስጥ ጋዝ አርከፍክፎ ማቃጠል ደግሞ ጭራሽ አይደርስም። በዝቅተኛ ሙቀት ክሎሪን ያለበት ፕላስቲክ፣ ለምሳሌ ፒቪሲ፣ ሲነድ ዳዮክሲንና ፉራን የሚባሉ መርዞች ይፈጠራሉ። እነዚህ በጭሱ ወጥተው ሣሩ ላይ ያርፋሉ፣ ላም ትግጠዋለች፣ በስብ ውስጥ ስለሚከማቹ ከወተቱ ጋር ይመለሳሉ። ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ ከማቃጠያው አጠገብ ላም ታስራ አይታችሁ ከሆነ፣ ያያችሁት ይህን ነው።

ምድጃ ውስጥ መግባት የሌለባቸውን ከምንጩ ማስቀረት እንችላለን፦ ያልተከፈተ የመድኃኒት ጠርሙስና የሚረጭ ጣሳ፣ ይፈነዳሉ። ሜርኩሪ ያለበት ዕቃና ባትሪ። በበረኪና የተነከረ ጎዝና ጓንት። ያልተበከለ ፕላስቲክ። አመዱም ዝም ብሎ አይደፋም፣ የራሱ የታጠረና የተከደነ ጉድጓድ ያስፈልገዋል፣ ውስጡ ያልነደደ መርፌ ይኖራልና። ጭሱ ወደ ሕፃናት ክፍል የሚነፍስ ከሆነ የሚነድበት ሰዓት እንዲቀየር ጠይቁ፣ ይህን ለመጠየቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም።

አጥሩን አልፎ የወጣው የት እንደሚደርስ ደግሞ እናውቃለን። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ ቆሼ የተባለው የቆሻሻ መጣያ ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰው ሲሞት፣ አገር ሁሉ ያየው ቆሻሻው ላይና ዙሪያው የሚኖሩ ሰዎች እንዳሉ ነው። በባዶ እጁ ፕላስቲክ የሚለቅም ልጅ ከሆስፒታል የመጣውንና ከቤት የመጣውን በምን ይለያል?

ያለ ማቃጠል የሚሠራ መንገድም አለ። ኔፓል ካትማንዱ የሚገኘው ቢር ሆስፒታል ተላላፊውን ቆሻሻ በእንፋሎት፣ ማለትም በአውቶክሌቭ ገድሎ ከዚያ በኋላ ፕላስቲኩን መልሶ ለመጠቀም የሚያስችል አሠራር ዘርግቶ ነበር። የሀብታም አገር ሆስፒታል አይደለም። ይህ ሁሉ የቆመው ግን ዋርድ ውስጥ በትክክል ሲለይ ነው፣ ያልተለየ ቆሻሻ አውቶክሌቭ ውስጥ አይገባም።

ያልወጣ ቆሻሻ አይቃጠልም

ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ ትልቁ ሥራ ቆሻሻው እንዳይፈጠር ማድረግ ነው። ነርሶች የሚያዙበት ቦታ ነው።

ጓንትን እዩ። የደም ግፊት ለመለካት፣ ክኒን ለመስጠት፣ አንሶላው ንጹሕ የሆነ አልጋ ለማንጠፍ፣ ታካሚን ከአልጋ ደግፎ ለማውረድ ጓንት እናደርጋለን። ደምና ፈሳሽ ከሌለ፣ ተላላፊ በሽታም ካልተጠረጠረ አያስፈልግም። እጅ መታጠብ ነው የሚያስፈልገው። እንዲያውም ጓንት ያደረገ ሰው እጁን መታጠብ ይረሳል፣ በአንዱ ጓንትም ከአልጋ አልጋ ይሄዳል። ለንደን የሚገኘው ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2018 ነርሶች የመሩት ዘመቻ ጀምሮ ነበር፣ ጓንት መቼ እንደሚያስፈልግና መቼ እንደማያስፈልግ ለሠራተኛው በማስተማር ብቻ በመጀመሪያው ዓመት 21 ቶን ፕላስቲክ ቀነሰ። እኛ ጋ ጓንት አልቆ ታካሚ ከውጭ ግዛ በሚባልበት ቦታ ይህ ቁጠባ ለታካሚውም ኪስ ነው።

መርፌም እንዲሁ። የዓለም ጤና ድርጅት በዓመት 16 ቢሊዮን መርፌ በዓለም ላይ እንደሚሰጥ ይገምታል። በአፍ ሊወሰድ የሚችል መድኃኒት ታካሚው «መርፌ ካልተወጋሁ አይሻለኝም» ስላለ ብቻ በመርፌ የሚሰጥበት ጊዜ አለ። ቁጭ ብሎ ማስረዳት ጊዜ ይወስዳል፣ ግን አንድ ሲሪንጅ፣ አንድ መርፌ፣ አንድ ጥጥና አንድ የመወጋት አደጋ ይቀንሳል። ሐኪሙ ካኑላው ይውጣ ብሎ ያላዘዘው ስለረሳው ሊሆን ይችላል፣ በራውንድ (ሕሙማኑን በሚዞርበት ጊዜ) አስታውሱት።

በረኪናንም በልክ አድርጉት። 5 በመቶ የሆነውን በረኪና ወደ 0.5 በመቶ ለማምጣት አንድ እጅ በረኪና ለዘጠኝ እጅ ውሃ ነው። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን መቶኛ ሳታዩ አትበጥብጡ። «በደንብ ይግደል» ብሎ ማብዛት ዕቃውን ያዝገዋል፣ የበጠበጠችውን ሰው ሳንባ ይጎዳል፣ ፍሳሹንም ይመርዛል። በየቀኑ አዲስ ይበጥበጥ፣ ሰዓቱ ይጻፍበት።

ከዚህ ሰፋ አድርጎ ለማየት፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ሄልዝ ኬር ዊዝአውት ሃርም የተባለው ድርጅት ባወጣው ስሌት የጤናው ዘርፍ ከዓለም የሙቀት አማቂ ጋዝ ልቀት 4.4 በመቶውን ይይዛል፣ አብዛኛው ደግሞ የሚመጣው ከሚገዛውና ከሚጓጓዘው ዕቃ ነው። ሳያስፈልግ የተከፈተ አንድ የታሸገ የሕክምና ዕቃ ጥቅልም እዚህ ሒሳብ ውስጥ አለ።

አስተዳደሩ እንዲሰማችሁ

«ባልዲ የለንም» የሚል ቅሬታ አይሰማም፣ ቁጥር ግን ይሰማል። አንድ ሳምንት ብቻ መዝኑ። ለዚሁ ብቻ የሚያገለግል የእጅ ሚዛን ፈልጉ፣ የሕፃን መመዘኛውን አትንኩ። በየቀኑ ማታ ጥቁሩ ስንት ኪሎ፣ ቢጫው ስንት ኪሎ፣ የተዘጋ ሴፍቲ ቦክስ ስንት ብላችሁ አንድ ወረቀት ላይ ጻፉ፣ የተኙትን ታካሚዎች ብዛትም ጨምሩ። ቢጫው ከጥቁሩ የበዛ ከሆነ መለየቱ አልሠራም ማለት ነው፣ ከላይ ያየነው 85 እና 15 ተገልብጧል።

ወረቀቱን ለማትረኗ (ለነርሶች ኃላፊ) እና ለኢንፌክሽን መከላከል ኮሚቴው ስጡ። እዚያ ኮሚቴ ውስጥ ዋርድ ላይ የምትሠራ ነርስ ከሌለች እንድትገባ ጠይቁ። ጤና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2014 «ካሽ» ብሎ የጀመረው የንጹሕና ደኅንነታቸው የተጠበቀ የጤና ተቋማት ንቅናቄ የሚያወራው ስለዚሁ ነው፣ ስለዚህ ጥያቄያችሁ አዲስ ነገር አይደለም፣ ተቋሙ ራሱ አደርገዋለሁ ያለው ነው። ስትጠይቁ ደግሞ ሁሉን ነገር አንዴ አትጠይቁ። ባለ ፔዳል ባልዲ በቁጥር፣ ሁለተኛ ጋሪ፣ ለጽዳት ሠራተኞች የሄፓታይተስ ቢ ክትባት። ሦስቱን በቅደም ተከተል ጻፉ፣ ቀን አስፍሩ፣ ግልባጭ ያዙ።

ዋርድ ውስጥ ደግሞ ለማንም ሳትጠይቁ ነገ የምትጀምሩት አለ። በፈረቃ ርክክብ ላይ ስለ ታካሚዎቹ ተነግሮ ሲያልቅ አንድ መስመር ይጨመር፦ ባልዲዎቹ በቦታቸው አሉ ወይ፣ ፌስታሉ ቀለሙ ልክ ነው ወይ፣ ሴፍቲ ቦክሱ የት ደርሷል። የማታ ተረኛዋ ሦስት አራተኛ መድረሱን ካየች ዘግታው ትሂድ፣ ካልዘጋችው ደግሞ የጠዋቷ ትዝጋውና አዲሱን ገጣጥማ ትሮሊው ላይ ታስቀምጥ። የዋርዱ ስም፣ የተከፈተበት ቀንና የተዘጋበት ቀን ቦክሱ ላይ በማርከር ይጻፍ።